የተቆላው አፈር

ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለለተጊዮርጊስ፤ ሐረርጌ፣ እርሻ ኮሌጅ

እንደምን ሰነበትሽ ለቴ? እኛ ደህና ነን። በሬዎቹም ደህና ናቸው። ጎረቤታችን ዘርአ ዳዊትም ደህና ነው፤ ይህን ያህል ደህና መሆን ባይገባውም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለባለቤቴ ለወለተሐና፣ አንዴ ደግሞ ውሸቴን መስሏቸው ላላመኑኝ ሰዎች። የሰው ልጅ ሩቅ አገር ሲሄድ ቅቤ ላኩልኝ፣ በሶ ላኩልኝ ይላል። የኔዋ አጎቷን «በአንበጣ መድኃኒት የተበላሸ መሬት ካለ አንድ ከረጢት አፈር ይላኩልኝ» ትላለች። ወለተሐና እንባዋ መጣ። «ውይ ልጄን! እዚያ አገር አፈር እንኳ የለም?» አለች።

በአንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ ከሸዋ ሕዝብ የሚበዛ በዓይን የማይታይ ነፍሳት አለ ያልሽውን አምኛለሁ። እንደምታውቂው እኔ ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ስለሆነ የማውቀው ነገር ሁሉ መካከሉ ላይ ተቀዶ ይቀራል። ስለነዚህም ነፍሳት አንድ ጊዜ አግኝቼ ነበር፤ «ዋና ሥራቸውም» ይልና ወረቀቱ ያልቃል። አሁን አንቺ አንዳንዶቹ መርዝ ሳይቀር በልተው ይጨርሳሉ ስትዪኝ፣ ዐሥር ዓመት ያንጠለጠለኝን ወሬ ጨረስሽልኝ።

የምትፈልጊው አፈር እዚህ አለ። በሃምሳ ዓመተ ምሕረት አንበጣው የመጣ ጊዜ የዘመቻው ሰዎች መድኃኒቱን በጆንያ አምጥተው እንደነበር ትዝ ይልሻል፤ ያ ነጩ፣ አፍንጫ የሚከረክረው ዱቄት። ሲሄዱ የተረፈውን ሰብስበው ጫኑ። አንድ ብልጥ ሰው ግን ሦስት ጆንያ «ለክፉ ቀን» ብሎ አስቀረ። የተቀመጠበት ጎተራ ከፈረሰ ሁለት ክረምት ሆኖታል፤ ዱቄቱም ከዝናቡ ጋር መሬት ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ጉንዳን አይሄድም። ጭራ የለቀመች ዶሮ አመሻሽ ላይ ተገልብጣ ተገኘች። ድንች ተተክሎባት አማረ፤ ሲቀቀል ግን ድንቹ ራሱ የአንበጣ ዱቄት ሸተተ።

የዘርአ ዳዊት ማሳ ከሥሯ ስለሆነ እንቅልፍ አጥቷል። «ይቺ መሬት ሞታለች፤ እንደ ደከመ የደጋ መሬት አፈሯን ቆልለን፣ ኩበት ጨምረን እናጋያት» ይላል። ለግንቦት ሚካኤል ማግስት ደቦ ጠርቷል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት መድኃኒት ትልኪልን እንደሆነ ብዬ አንቺን እጠብቃለሁ።

ከረጢቱን ዘይኑልአቢዲን ይዞልሻል። ከአልዩ አምባ ወደ ድሬዳዋ ለንግድ ይወርዳል። ወለተሐና ከልቧ አዘጋጅታዋለች።

አጎትሽ ገብረ ጻድቅ

——

እርሻ ኮሌጅ፣ የካቲት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ገብረ ጻድቅ

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ወለተሐናስ? መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምሥራች ይዤ ልጽፍልዎ ስጠብቅ ነው የቆየሁት፤ የምሥራቹ ግን አልመጣም።

ከረጢቱ በሰላም ደርሷል። አባባ ዘይኑልአቢዲን እንዳጫወቱኝ፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጠባቂው ፈትቶ አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላቸው «አፈር» አሉት። «አፈርማ እዚህም ሞልቷል!» ቢላቸው «ወላሂ ይሄኛው ኮሌጅ ተጠርቶ ነው» ብለውት አለፉ።

ሥራዬን ልንገርዎ፤ አደራዎን አይሳቁ። መርዝ ከአፈር ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዝንብ አረባለሁ። አፈሩን በየብልቃጡ አደርግና መጠኑን የማውቀውን መርዝ እጨምርበታለሁ። ከሳምንታት በኋላ በየብልቃጡ ዐሥር ዐሥር ዝንብ እከታለሁ። ዝንቦቹ ከሞቱ መርዙ አለ፤ ከኖሩ ነፍሳቱ በልተውታል ማለት ነው።

የጓደኞቼ አፈር ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ጥቂት ጥቂት ለውጥ አሳይቷል። የእኛ ግን ምንም። ዝንቦቼ አንድም ሳይቀር ያልቃሉ። በማይክሮስኮፕ ባየው ባየው የሚነቃነቅ ነገር የለም። መምህሬ «ይህ አፈር እንደ ሸክላ የሞተ ነው» አሉኝ። የሚገርመው ደግሞ ደስ የሚል ሽታ አለው፤ የተቆላ ገብስ ይመስላል።

ጋሼ፣ ግንቦት 20 ቀን መምህራኑ ፊት ቆሜ ሥራዬን ማስረዳት አለብኝ። እስካሁን የማስረዳው የሞተ ዝንብ ብቻ ነው። እባክዎን ሁለት ነገር በእውነት ይመልሱልኝ። አፈሩን ምን አገኘው? መሬቱስ የማን ነው?

ደግሞ እንዳያጋዩት ይለምኑልኝ። እሳቱ መርዙን ከነጢሱ በመንደሩ ላይ ይበትነዋል፤ ሊበሉት የሚችሉትንም ነፍሳት ይጨርሳቸዋል። ይልቅ የምንጩን ውኃ ይልቀቁበት፣ ፍግም ይጨምሩበት። ርጥበትና ፍግ ሲያገኙ ይበረታሉ ይባላል፤ እዚያ ነፍስ ያለው ነገር የቀረ እንደሆነ።

ልጅዎ ለተጊዮርጊስ

——

ጎረቤላ፣ የካቲት 17 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለዝንብ አርቢዋ ልጄ

ዕድሜ ልካችንን ዝንብ ስናባርር ኖረን፣ ከዘራችን አንዲት ብትማር ዝንብ ልታረባ ኮሌጅ ገባች! በሬዎቼ ይህን ቢሰሙ ዐይናቸው ሥር ያሉትን በሙሉ ይልኩልሽ ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ደብዳቤሽን ለወለተሐና ሳነብላት «የተቆላ ገብስ» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው?» አልኳት።

«እና ጥሬውን ልላክላት ኖሯል?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩቅ አገር ስንቅ ጥሬ አይላክም፤ ይነቅዛል፣ ይሻግታል። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ወለተሐና አፈርሽን ተቀብላ ድንጋዩን ለቀመች፤ ሥራ ሥሩን አወጣች፤ በወንፊት ነፋችው። ከዚያ ገብሱን ከቆላችበት ብረት ምጣድ ላይ ገልብጣ አፈሩን ቆላችው! እስኪገረጣ ድረስ! እኔስ ምን አደረግሁ ትዪኛለሽ? አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ቶሎ ቶሎ አማስዪው፣ እንዳያርብሽ» እያልኩ እመክራት ነበር።

ስለዚህ መሬታችን አልሞተም፤ ገዳዮቹ እኛ ነን። ከሸዋ ሕዝብ የሚበዛውን ያን ሁሉ ፍጥረት ከገብስ ቆሎ ቀጥለን ፈጀነው።

አሁን ሌላ ልኬልሻለሁ። ከነርጥበቱ፣ ከነሥሩ፣ ከነድንጋዩ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ቅል ውስጥ ከትቼዋለሁ። ወለተሐና ግን አኩርፋለች። «ያሳደገቻት ሴት ማጽዳት አታውቅም ብለው ይስቁብኛል» ትላለች። አንድ ቃል ጻፊላት።

ምንጩንም ወደ መሬቷ መልሼዋለሁ። በታች በኩል ከፍ ያለ እርከን ስለሠራሁ አንዲት ጠብታ ወደ ዘርአ ዳዊት አትወርድም። ፍግም እየተሸከምኩ አፈስሳለሁ። እሱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል።

«ገብረ ጻድቅ፣ ምን ዘራህ?» ይለኛል።

«ደቦ ጠርቼ ነው» እለዋለሁ።

«ሰዎቹ የታሉ?»

«አይታዩም እንጂ እየሠሩ ነው። እንዳንተ ደቦኞች ጠላ ጠጥተው አይተኙም።»

አሁን መንደሩ በሙሉ አእምሮዬን ስቻለሁ ይላል። በሰላሳ ዓመቴ የጀመሩት ወሬ ስለሆነ አልገረመኝም።

የሁለተኛውን ጥያቄሽን መልስ ወረቀቱ ስላለቀ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

አጎትሽ ገብረ ጻድቅ

——

እርሻ ኮሌጅ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ ጻድቅ

መጀመሪያ ለእትዬ ወለተሐና ጮክ ብለው ያንብቡላት፦

«እትዬ፣ የቆላሽው አፈር ሥራዬን አዳነው። በዚህ ኮሌጅ እንደሱ ተለቅሞ የተነፋ አፈር አይቶ የሚያውቅ የለም። እጅሽን እስማለሁ።»

ጋሼ፣ ይህ ለማጽናናት የተጻፈ እንዳይመስልዎ። የቅሉን አፈር በብልቃጥ አድርጌ ከተቆላው እኩል መርዝ፣ እኩል ውኃ ሰጠሁት፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በአምስተኛው ሳምንት ዝንቦቹን ጨመርኩ። በተቆላው ውስጥ ምሳ ሳልበላ ሁሉም ሞቱ። በጥሬው ውስጥ በማግሥቱም ሰባቱ ይበርራሉ!

ለመምህሬ ሮጬ ሄድኩ። እሳቸው ግን ቶሎ አይደሰቱም። «መርዙን ነፍሳቱ እንደበሉት በምን አወቅሽ? ውኃው አጥቦት፣ ወይም ዝም ብሎ ተንኖ ቢሆንስ?» አሉኝ። ዘወር ስል ያን የናቅሁትን ብልቃጥ አየሁት። ያው አፈር ነው፤ ያው መርዝ፣ ያው ውኃ። የጎደለው ነፍስ ብቻ ነው። ውኃና አየር ቢሆን ኖሮ ከዚያም በጠፋ ነበር። አንሥቼ አሳየኋቸው። «ይህን አፈር ማን አዘጋጀልሽ?» አሉኝ። «ያሳደገችኝ እናቴ» አልኳቸው።

አሁን ደግሞ ሌላውን።

አባባ ዘይኑልአቢዲን ቅሉን ሲያስረክቡኝ በሁለት እጃቸው ይዘው «የናትሽ መሬት አፈር ነው ልጄ፤ በክብር ያዢው» አሉኝ። እርስዎ ጠይቄዎ በቀልድ ያለፉትን፣ እሳቸው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ያን ዕለት ሥራ አልሠራሁም። በልጅነቴ ያቺ መሬት ላይ እማዬ ስትኮተኩት ኮሶው ሥር ታስቀምጠኝ ነበር።

የተቆጣሁት መሬቷ ስለተበላሸች አይደለም። ለምን ደበቁኝ?

ለተጊዮርጊስ

——

ጎረቤላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለለተጊዮርጊስ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የዛሬውን ደብዳቤ ቀልድ ከታች አድርጌዋለሁ፤ አስቀድሞ የሚገባው ይቅደም።

«አንድ ብልጥ ሰው» ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። የዘመቻው ሰዎች ደረቅ ጎተራ የሚያውስ ሲጠይቁ ከሰው ሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ጎተራው የእናትሽ ነበር። ልትሞት ስትል «እስክታድግ አንተ ጠብቅላት» ብላ ከነመሬቱ የሰጠችኝ አደራ ነው። ሰዎቹ ጓጉንቸር ገጥመው ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። የናስ ቁልፍ! በዘመኔ ማንም ቁልፍ አምኖ ሰጥቶኝ አያውቅም። በአንገቴ አንጠልጥዬ ገበያ ወጣሁበት፤ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩበት። ሲሄዱ ሦስቱን ጆንያ የደበቅሁት መድኃኒቱን ፈልጌው አይደለም፤ የሚቆለፍ ነገር ከሌለ ቁልፉ ምን ይሠራል ብዬ ነው።

ከዚያ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። «ነገ እከድነዋለሁ» አልኩ። ያ ነገ ሁለት ክረምት ሆነ።

ለምን ደበቅኸኝ ላልሽው፣ ካንቺ ቁጣ ይልቅ ዝምታሽን ፈራሁ። ሰው የማይቆጥረኝን እኔን እንደ ሰው የምታዪኝ አንቺ ብቻ ነሽና እሱን እንዳላጣ ሰጋሁ። ይቅር በይኝ። በአፍ የምነግርሽ ቢሆን ኖሮ መሐል ላይ ቀልድ እጨምርበት ነበር፤ ስለዚህ በጽሑፍ መሆኑ ይሻላል።

አሁን ወደ ታች ደርሰናል።

ለወለተሐና መልእክትሽን ሳነብላት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ መንደሩ በሙሉ አፈር መቁላት የኮሌጅ ትምህርት መሆኑን ሰምቷል። ሁለት ሴቶች እንዴት እንደሚቆላ ሊጠይቋት መጥተዋል።

መሬትሽ ላይ እንቁራሪት ገብቷል። ዘርአ ዳዊት «ገብረ ጻድቅ እንቁራሪት ማረስ ጀመረ» እያለ ለበዓሉ እንግዶቹን አምጥቶ ያሳያቸዋል። ደቦውን ግን አልተወም። ኩበቱም ተከምሯል። ለምኜው ለምኜው እንዲህ ተስማማን፦ በግንቦት ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት በዝንብ እንፈትናት። ዝንቦቹ ከኖሩ ኩበቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሞቱ በማግሥቱ ክብሪቱን የምጭረው እኔ ነኝ። በሚካኤል ስም ቃል ገብቻለሁ፤ ወደ ኋላ የለም።

ስለዚህ ቶሎ ጻፊ። ዝንብ እንዴት ነው የሚፈትነው?

አጎትሽ

——

እርሻ ኮሌጅ፣ ግንቦት 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ጋሼዬ

አባባ ዘይኑልአቢዲን ነገ ስለሚነሡ በችኰላ ነው የምጽፈው።

ብልቃጥ ከሌለ ብርሌ ይሆናል። ሦስት ብርሌ ያዘጋጁ። በአንዱ የመሬቷን አፈር፣ በሁለተኛው ምንም መርዝ ያልነካውን የአቶ ዘርአ ዳዊትን ማሳ አፈር፣ በሦስተኛው እትዬ ጋ ተርፎ እንደሆነ ያንን የተቆላውን ያድርጉ። የሁለተኛው ጥቅም ዝንቦቹን የገደላቸው ብርሌው ነው እንዳይባል ነው። በየብርሌው ዐሥር ዐሥር ዝንብ ያስገቡ፤ ክንፋቸውን እንዳይጎዱ። ትንሽ ስኳር ጣል ያድርጉላቸው። አፉን በሻሽ ይሰሩት። ከዋዜማው ጀምሮ እስከ ቅዳሴ መውጫ ይቆይ። በመካከል እንዳይነቀንቁት! እርስዎን አውቅዎታለሁ።

አንዲት ዝንብ ብትሞት አይደንግጡ፤ ዝንብ በራሷም ጊዜ ትሞታለች።

በቁልፉ ነገር አለቀስኩም፣ ሳቅሁም። በአንገትዎ አንጠልጥለው ሲሄዱ ትዝ አለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ «አጎቴ ሹም ሆነ» ብዬ ለልጆቹ ሁሉ ነግሬ ነበር። ይቅር ብያለሁ። ከሰው ሁሉ በላይ የማይዎትም ከቁልፉ በፊት ጀምሮ ነው።

የኔ ፈተና ግንቦት 20 ነው። ከመሬቷ ግን የኔ ፈተና አይበልጥም። እንዳትጋይብኝ።

ልጅዎ ለቴ

——

ጎረቤላ፣ ግንቦት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእመቤቲቱ፣ ለባለ መሬቷ ለለተጊዮርጊስ

ውጤቱን አስቀድሜ ብነግርሽ የቀረውን ስለማታነቢው ትንሽ ታገሺኝ።

ሠላሳ ዝንብ በሕይወቱ መያዝ ቀላል መስሎሻል? በዋዜማው ወለተሐናና እኔ ከበሬ ወደ በሬ ስንሮጥ ዋልን። ሰው ሲፈልጋት ዝንብ እንዴት ያለች ኩሩ ናት! በመጨረሻ እርዳታ የመጣልን ከማን ይመስልሻል? ከዘርአ ዳዊት። አጥሩ ላይ ቆሞ አላስችል ቢለው ኮፍያውን አውልቆ ዘለለ። ዐሥራ አንዱን የያዘው እሱ ነው። «እኔ የምይዘው እንዲሞቱልኝ ነው» ይላል፤ ግን አንዲቱ ስታመልጠው ያዘነውን ኀዘን አይቻለሁ።

ወለተሐና ሦስቱን የሠርግ ብርሌዎቿን ሰጠች። ከእንግዲህ በእነሱ ጠጅ የሚጠጣ ቢኖር ዘርአ ዳዊት ብቻ ነው ብላለች።

ሌሊቱን አልነቀነቅሁም። ወለተሐና በሩ ላይ ስለተኛች።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ዘርአ ዳዊት «እኔ ራሴ እቆጥራለሁ» ብሎ ቀረበ። መጀመሪያ የተቆላውን አነሣ፤ ዐሥሩም እግራቸውን ሰቅለው ተጋድመዋል። ሰው አጉረመረመ፤ እኔም እጄ ኪሴ ውስጥ ካለው ክብሪት ላይ ሄደ። ቀጥሎ ያንቺን መሬት አነሣ። አንዱን ቆጠረ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ዘጠኝ ደረሰ። ዘጠኙም ብርሌው ውስጥ እንደ ሰርገኛ ይዞራሉ! አንዲቷ ሞታለች።

«አንድ ሞታለች!» ብሎ ጮኸ።

«ያንተንም ማሳ ቁጠርልን» አልኩት።

ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ፊቱ ቀላ። ከንጹሕ ማሳው ብርሌ ውስጥ ሁለት ሞተዋል።

«እንግዲህ በፍርዱ መሠረት ነገ የሚጋየው ያንተ ማሳ ነው» ስለው ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዘርአ ዳዊትም፣ አይ ሲያምርበት! እስኪያለቅስ ሳቀ። ኩበቱን ራሱ አሸክሞ ወደ ቤቱ ወሰደ። እርከኑንም ጠበቅ እንዳደርገው ዛሬ ጠዋት ሁለት ልጆቹን ልኮልኛል። በማየው ደቦ ስሠራ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ሻሹን ፈትተን ዝንቦቹን ስንለቅቃቸው አንዲቱ ሄዳ ዘርአ ዳዊት አፍንጫ ላይ ዐረፈች። እጁን አነሣ። «ኧረ በሚካኤል! እንዳትመታት፤ ምስክር ናት» አልኩት። እጁ እንደተነሣ ቀረ። እሷም እስክትጠግብ ተቀምጣ፣ በገዛ ፈቃዷ ተነሥታ ሄደች።

ውኃውን አጠንፍፈን ለሰኔ ድንች እንተክልባታለን። ትናንት ማታ ላይ ኮሶው ሥር ቆሜ ሳያት አንድ ጉንዳን ድንበሩን ተሻግሮ ገባ። አንድ ብቻ። ተከትዬው ሄድኩ፤ በደህና ወጣ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጎተራው ፈርሷል፣ ጓጉንቸሩም ዝጓል፤ ቁልፉ ግን ደህና ነው። አንገቴ ላይ ሰባት ዓመት ቆየ። ያንቺ ነው።

አጎትሽ ገብረ ጻድቅ

——

ቴሌግራም
ከድሬዳዋ፣ ግንቦት 24 ቀን 1957 ዓ.ም.
ለአቶ ገብረ ጻድቅ፣ በደብረ ብርሃን በኩል፣ ጎረቤላ

አለፍኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ለመስቀል እመጣለሁ። ድንቹን ከሁላችን በፊት ዝንብ ይቅመሰው። ለቴ